አሮጌ የሸራ ጀልባ እንዴት ይታደሳል? ከሞያሌ ወደ ላሙ ለሚወርድ ሰው

ሞያሌ ላይ ተቀምጦ ስለ ሸራ ጀልባ ማሰብ ለብዙ ሰው ቅንጦት ይመስላል። ከተማዋ ደረቅ ናት፤ የምትታወቀውም በከብት፣ በግመልና በድንበር ንግድ ነው። የምትገኝበት የማርሳቢት ካውንቲ በምዕራብ በኩል የቱርካናን ሐይቅ ቢነካም ሞያሌ ራሷ ከውሃ ሩቅ ናት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2012 የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር በኬንያ የባሕር ዳርቻ ባለችው ላሙ ተገናኝተው ሦስቱን አገሮች ለሚያገናኘው ላፕሴት ለተባለው ኮሪደር መሠረት ከጣሉ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ካርታ ላይ ተቀምጠዋል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ የሚደርሰው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት አልቋል፤ የላሙ ወደብ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያም በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ ከሞያሌ ተነሥቶ ላሙ የሚወርድ፣ እዚያም በአሸዋ ላይ ተጋድሞ «ይሸጣል» የተባለ አሮጌ ጀልባ አይቶ ልቡ የሚነሣ ነጋዴ ቢኖር አይገርምም። አንዱ ቱሪስት ለማንሸራሸር፣ ሌላው ለዓሣ፣ ሌላው ሆቴሉ በር ላይ ለጌጥ ሊያቆመው ያስባል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ሦስተኛው ግን ጥቂት ቅር ሊለው ይችላል።

የጽሑፉ አቋም አንድ ነው። አሮጌ ጀልባ በቸልተኛ ባለቤት እጅ ከሚጠፋው ይልቅ በጉጉት በሚያድስ ሰው እጅ የሚጠፋው የከፋ ነው። ጀልባው መታደስ ያለበት ጥቂት በጥቂት ነው፤ እንጨቱ በራሱ ዓይነት እንጨት፣ ውትፍቱ በራሱ ዓይነት ውትፍት እየተተካ። ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እንደገና መግጠም ወይም በማይንቀሳቀስ ጠንካራ ነገር ለብጦ ማሸግ ለጥቂት ጊዜ ያማረ ዕቃ ይሰጣል፤ ጀልባ ግን አይሰጥም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ጀልባው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእድሳቱ ቅደም ተከተል የሚመነጨው ከአሠራሩ ነውና።

በላሙ ደሴቶች የሚታዩት የእንጨት ጀልባዎች ትልቁ ጃሃዚ፣ አነስ ያለው ማሹዋ፣ ሁለት ጫፉ የሾለው ዳው እያሉ በስም ይለያያሉ። ሠሪዎቹ በወረቀት የተነደፈ ፕላን አይጠቀሙም። ምኩኩ የሚባለው፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ከሥር የሚዘረጋው ዋናው ግንድ ከተጋደመ በኋላ የታችኞቹ ሳንቃዎች በዓይን ልክ እየተጎበጡ ይያያዛሉ፤ ማታሩማ የሚባሉት የጎን አጥንቶች ደግሞ ሳንቃው በያዘው ቅርፅ ልክ እየተጠረቡ ይገባሉ። የአውሮፓ ልማድ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አጥንቱ ቀድሞ ይቆማል፣ ሳንቃው ይከተላል። ልዩነቱ ለአዳሹ ትልቅ ነገር ነው። በላሙ ጀልባ ቅርፁን የያዘው ሳንቃው ነው። ሳንቃውን በአንድ ጊዜ የገፈፈ ሰው የጀልባውን ብቸኛ ፕላን ቀዶ ጥሏል፤ መልሶ የሚያነብበት ሌላ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ነገር እንቅስቃሴው ነው። የዚህ ባሕር ጀልባ ድሮ ሚስማር አልነበረውም። ባይዛንታይናዊው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (የመን) ስላደረጉት ዘመቻ ሲጽፍ፣ በቀይ ባሕርና በሕንድ የሚሄዱት ጀልባዎች በብረት ሚስማር ያልተመቱ፣ በገመድ የታሰሩ መሆናቸውን መዝግቧል። ብዙ ሰው በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይል እንደነበርም ጠቅሶ፣ እሱ ግን ምክንያቱ የብረት እጦት ነው ብሎ ወሬውን አልተቀበለም። ላሙ ራሷ ምቴፔ የተባለውን በኮኮነት ገመድ የተሰፋ ጀልባ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ትሠራ ነበር። የተሰፋ ጀልባ ማዕበል ሲመታው ይለጠጣል፣ መልሶ ይሰበሰባል። ሚስማር ሲመጣ መያዣው ተለወጠ፤ ጀልባው ግን እየተላወሰ የሚኖር ዕቃ መሆኑን አልተወም። በሳንቃዎቹ መካከል የሚገባው ውትፍት፣ ማለትም በዘይት የራሰው ጥጥ፣ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የጣናን ልማድ ይዞ የሚመጣ ሰው መጠንቀቅ አለበት። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ሲያረጅ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣበት «ራ» የተሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር፤ መድረሻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እየተበተነ ተተወ። ለደንገል መታሰር እንጂ መታደስ የለም። የእንጨት ጀልባ ዕድሜው በትውልድ ሊቆጠር የሚችል ስለሆነ አስተሳሰቡም የተለየ መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚወሰነው ቦታው ነው፤ ሥራው ሞያሌ ላይ አይሠራም። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ከእርጥብ ወደ ደረቅ ሲሄድ እንደ ዓይነቱ ከመቶ የተወሰነ እጅ ይኮማተራል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ 4 በመቶ ብቻ ቢኮማተር 8 ሚሊ ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ ይህ በየመጋጠሚያው ሲደጋገም ጀልባው ከጎን ወደ ጎን ብርሃን ያሳልፋል። ዓመታት በጨው ውሃ የኖረ ጀልባ በጭነት መኪና ተጭኖ የሰሜን ኬንያ ፀሐይ ላይ ቢራገፍ በጥቂት ወራት ሳንቃው ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ አጥንቱ ከሳንቃው ይለያል። ለሆቴል በር ጌጥ የፈለገው ሰው «እኔ ውሃ ላይ አላስኬደውም፣ ቢሰነጠቅስ?» ሊል ይችላል። ይበል፤ ነገር ግን ለዚያ ሲባል ሊድን የሚችል ጀልባ አይግዛ። ላሙ ዳርቻ ላይ ነፍሳቸው የወጣ፣ የማይታደሱ ጀልባዎች ፍርስራሽ አይጠፋም፤ ከዚያ አንድ የአፍንጫ እንጨት ወይም አንድ መሪ ቢወስድ ለጌጡ ይበቃዋል።

ጊዜውም እንደ ቦታው ነው። በዚህ ዳርቻ ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በግምት ከኖቬምበር ወይም ዲሴምበር እስከ ማርች ይነፍሳል፤ ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኤፕሪል ገደማ እስከ ሴፕቴምበር። በኩሲ ባሕሩ ስለሚከብድ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች የሚያርፉት ያን ጊዜ ነው፤ ለጥገናም የሚመቸው እሱ ነው። የኤፕሪልና የሜይ ዝናብ ከበድ ስለሚል ግን በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ዳስ ከላዩ ይሥሩ። ዳሱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ዝናብ ይከለክላል፣ ፀሐይም ሳንቃውን ቶሎ እንዳያደርቀው ያደርጋል። ካስካዚ ሲጀምር ውሃ ላይ መሆን ከፈለጉ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው፤ ይህን ደረጃ በሰፊው ማየት ተገቢ ነው፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ነውና። አንድ ወስፌ፣ አንድ ትንሽ መዶሻ፣ አንድ ረጅም ሲባጎና ጠመኔ ይዘው ይሂዱ። ከሻጩ ጋር ሳይሆን ከጀልባው ጋር ብቻዎን ሁለት ሙሉ ቀን ቢውሉ አይበዛም። በመጀመሪያ ሲባጎውን ከምኩኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥሩ። አሮጌ ጀልባ ሁለቱ ጫፎቹ ወርደው ወገቡ ወደ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። ጥቂት ጎበጥ ማለት የዕድሜ ነው፤ ምኩኩ ራሱ የተሰበረ ወይም የበሰበሰ ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ምኩኩን መለወጥ ሌላ ጀልባ መሥራት ነው፤ «ርካሽ ነው» የሚለው ሻጭም ይህን ያውቃል።

ከዚያ ወደ መበስበስ ይሂዱ። ብዙ ሰው ብስባሽን የሚፈልገው ከታች፣ ባሕሩ በሚነካው በኩል ነው፤ ይህ ስሕተት ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ አየር ሲያገኝ ይመቸዋል። ሙሉ በሙሉ የተዘፈቀ እንጨት አየር የለውም፤ የባሕር ጨውም ለፈንገሱ አይስማማውም። የሚያበሰብሰው ዝናብ ነው። ስለዚህ ወስፌውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ላይ ነው፦ የአጥንቶቹ የላይ ጫፍ፣ የጀርባው ማዕዘን፣ አግዳሚዎቹ ከጎኑ የሚጋጠሙበት፣ የምሰሶው እግር የሚቆምበት ጉድጓድ። ወስፌው ጫን ሲሉት ተቃውሞ የገታው እንጨት ደህና ነው፤ ሳይቸገር የገባበትን በጠመኔ ያክብቡ። በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ያለው ይጠረጠራል።

ከታች በኩል የሚፈለገው ሌላ ጠላት ነው፤ ቴሬዶ የተባለው እንጨት በሳሹ የባሕር ፍጥረት። ሲገባ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ይተዋል፣ ከገባ በኋላ ግን ውስጥ እያደገ እንጨቱን ይሰረስራል። ውጪው ሙሉ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳንቃ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ትናንሽ ቀዳዳዎች ተሰብስበው በሚታዩበት ቦታ ሁሉ ወስፌውን ጠልቆ እስኪቆም ይግፉት፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም። ሦስተኛው ምልክት ሚስማር ነው። የዛገ ሚስማር ዙሪያውን ያለውን እንጨት ያጠቁራል፣ ያላላዋል፤ በእጅ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ሚስማር እንጨቱንም ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ ቀናት ሲያልቁ ጀልባው በጠመኔ ምልክት ይሞላል። ምልክቱ ከአጥንቶቹ ሲሶ ያህሉን ብቻ የሚነካ፣ ምኩኩም ጤነኛ ከሆነ መግዛት ያዋጣል ብዬ እፈርዳለሁ። ከግማሽ ካለፈ ይድናል ብለው አይመኑ።

ቀጥሎ ባለሙያ። ከላሙ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለችው የማቶንዶኒ መንደር በጀልባ ሠሪዎቿ የታወቀች ናት፤ ፉንዲ የሚባለው ባለሙያ የሚገኘው እዚያ ነው። «ሞያሌ ላይ ካሶኒ የሚሠራ ጎበዝ አናጢ አለኝ፣ እሱን ይዤ ብወርድ ይረክስልኛል» የሚል አለ። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ አናጢው መጋዝና መሮ ይይዛል፣ ጉልበት ይሆናል። ነገር ግን የካሶኒ አናጢ የሠለጠነው እንጨት ከእንጨት ጋር አጥብቆ እንዳይነቃነቅ ማሰርን ነው፤ ጀልባ ደግሞ እንዲያብጥ ቦታ መተውን ይጠይቃል። በዋናነት የማቶንዶኒው ሰው ይምራ፣ የሞያሌው ይርዳ። ክፍያውን በደረጃ ይክፈሉት፦ ለአጥንት፣ ለሳንቃ፣ ለውትፍት፣ ለሸራ ለየብቻ። በቀን ብቻ ከተከፈለ ሥራው ይረዝማል፤ ሙሉውን በአንድ ዋጋ ከተዋዋሉት ደግሞ የሚሸፈነው ብስባሽ ይበዛል። የፉንዲውን ቃል ሲያከብሩ ያከብርዎታል፤ «ይህ ይቆይ፣ አይነካ» ካለ ምክንያቱን ይጠይቁት እንጂ አይጫኑት።

እንጨቱን በሚመለከት ሕግም አለ። የጎን አጥንት የሚወጣው ከምኮኮ፣ ማለትም በባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ማንግሮቭ ነው። ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችው ቅርንጫፍ ስለሆነ ቃጫው ከቅርፁ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከቀጥ ያለ ጣውላ በመጋዝ የተጎበጠ አጥንት ግን ቃጫው ስለሚቆረጥ በመጀመሪያው ከባድ ማዕበል ሊሰበር ይችላል። ለሳንቃ ምቩሌና ምባምባኮፊ ይመረጣሉ፤ ርካሽ የሆነው የማንጎ እንጨት ዕድሜው አጭር ነው። ከኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ የሚገኘው በላሙ ነው። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2018 የእንጨት ቆረጣ ሲያግድ የላሙ ቆራጮችም ሥራ አጥተው ነበር። ታዲያ «ለአሮጌ ጀልባ ብሎ ማንግሮቭ መቁረጥ ዓሣው የሚራባበትን ደን ማጥፋት አይደለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። መልሱ የጽሑፉን አቋም ያጠናክረዋል፤ ደኑን የሚጎዳው ብዙ መለወጥ ነው፣ ጥቂት የሚለውጥ አዳሽ የሚፈልገው ጥቂት ቅርንጫፍ ነው። የኬንያ ደን አገልግሎት ፈቃድ ካለው ሻጭ ይግዙ፣ ደረሰኙን ይያዙ። ከፈረሱ ጀልባዎች የተረፈ ጤነኛ አጥንት ካገኙማ ከሁሉ ይበልጣል፤ የደረቀና የተፈተነ ነው።

አሁን ጀልባው ይከፈታል፤ ግን በትንሹ። ሕጉ፦ ዛሬ የከፈቱትን ዛሬ ወይም ነገ መዝጋት የሚችሉት ብቻ ይከፈት። አንድ አጥንት ይወጣል፣ እሱን አስመስሎ አዲሱ ይጠረባል፣ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚነካው ጎረቤቱ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት የዘለለው ነው። ሁለት ተከታታይ አጥንት በአንድ ጊዜ ከወጣ ሳንቃው ቅርፁን መልቀቅ ይጀምራል። ሳንቃም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ጎን አንድ ከወጣ የሌላው ጎን አቻው ይቆይ፣ ልኩ የሚወሰደው ከእሱ ነውና። ሙሉ ሳንቃ መቀየር ካላስፈለገ የታመመው ብቻ ተቆርጦ ቁራጭ ይገባ፤ መጋጠሚያው ግን አጥንት ላይ ይዋል፣ የላይና የታች ሳንቃዎች መጋጠሚያም በአንድ መስመር አይግጠም። ሥራው የሚከናወነው ስለቱ ለእጀታው አግድም በሆነው ቴዞ በሚባለው መጥረቢያ ነው። አዝጋሚ ነው። «በዚህ አያያዝ ዓመት ይፈጃል» የሚለው ቅሬታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ በአንድ ወር የተገጠመ ጀልባ ግን አንዱ ጎኑ ከሌላው ሲበልጥ በሸራ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ያ ደግሞ ተመልሶ አይታረምም።

ሚስማሩ ዚንክ የተቀባ ብረት ይሁን። መዳብና ብረት በአንድ ጀልባ ላይ አይቀላቅሉ፤ በጨው ውሃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ ደካማው በፍጥነት ይበላል፣ እዚህ የሚበላው ብረቱ ነው። ከመምታት በፊት ቀዳዳው ከሚስማሩ በጠበበ መሰርሰሪያ ይበሳ፣ ከሚስማሩ ራስ ሥርም በዘይት የራሰ ጥጥ ይጠምጠም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ውሃ ወደ ሚስማሩ አንገት እንዳይወርድ ያደርጋል።

ውትፍት የሚጀመረው እንጨቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጥሬ ጥጥ ተፈትሎ በኮኮነት ወይም በሰሊጥ ዘይት ይነከራል፤ ከዚያ በደነዘዘ ብረትና በእንጨት መዶሻ ወደ መጋጠሚያው ይገባል። እዚህ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፤ ጥብቅ ያለ ውትፍት ጥሩ ይመስለዋል። ሳንቃው ደርቆ ሳለ ጥጡ በኃይል ከታጨቀ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሳንቃው ለማበጥ ቦታ ያጣል፣ ያኔ ሚስማሩን ይነቅላል ወይም አጥንቱን ይሰብራል። ጥጡ በጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚሰረጎድ ይሁን። ከላዩ በኖራና በዘይት የተለወሰ ማሸጊያ ይቀባል።

እዚህ ላይ ዋናው ክርክር ይመጣል። «ይህ ሁሉ ጥጥና ዘይት ለምን? አንዴ በፋይበርግላስ ለብጠን፣ በኢፖክሲ አሽገን አንገላገልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ይወጣል፤ ምክንያትም አለው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፣ ቴሬዶ አይበላውም፣ በየጥቂት ወሩ እንክብካቤ አይጠይቅም። ከደረቀ ቀጭን እንጨት ወይም ከኮምፔንሳቶ ለተሠራና በሁሉም ጎኑ ለታሸገ አዲስ ጀልባም በእርግጥ ጥሩ ነው። አሮጌው የላሙ ጀልባ ግን ይህን አያሟላም። በመጀመሪያ እንጨቱ ጨውና ዘይት የጠጣ ስለሆነ ልባጩ በደንብ አይጣበቅበትም። ሁለተኛ ሳንቃው በወርዱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ልባጩ አይከተለውም፣ ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል ወይም ከእንጨቱ ይላቀቃል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የዝናብ ውሃ ከላይ በውስጥ በኩል ይገባል፣ በልባጩና በሳንቃው መካከል ይታሰራል፣ መውጫ ያጣል። እርጥበትና ጥቂት አየር አንድ ላይ ሲታሰሩ ፈንገሱ የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው። ብስባሹም ከልባጩ በስተኋላ ስለሆነ ወስፌ አያገኘውም። የፋይበርግላስ ሻጭ «ለዓመታት አይነካም» ሲል እውነቱን ነው፤ የማይነካው ግን ልባጩ እንጂ ጀልባው አይደለም። በመጋጠሚያው ውስጥ ሲሚንቶ የሚያፈስስ ሰውም በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል፣ ይልቁንም ፈጥኖ።

ታችኛው ክፍል የሚጠበቀው በሌላ መንገድ ነው። በላሙ አካባቢ አዲስና ሙሉ ጨረቃ ሲሆን የባሕሩ መነሣትና መውረድ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ጀልባውን ባሕሩ ሲሞላ ወደ ዳር አምጥተው ሲወርድ በአሸዋው ላይ ማጋደም ይቻላል። ታችኛው ይፈገፈጋል፣ ከዚያ በደረቅ የዘንባባ ቅጠል ነበልባል ፈጠን ብሎ ይለበለባል፤ እንጨቱ ሳይከስል፣ ውስጥ የገባው በሳሽ ግን እንዲሞት። ሲቀዘቅዝ ሻሃሙ የሚባለው የኖራና የሞራ ድብልቅ ይቀባል። ይህ ውሃው በሚነካው ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የዓሣ ወይም የኮኮነት ዘይት ይጠጣል። ቀለም የሚወድ ሰው የላይኛውን ጠርዝ ይቀባ፤ ሁሉን በወፍራም ቀለም ማሸግ ግን ያው ፋይበርግላስ በርካሽ ዋጋ ነው።

ጀልባው ወደ ውሃ ሲገባ ያንጠባጥባል፤ አይደንግጡ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ባሕሩ እየሞላ እየወረደ በሚነካው ጥልቀት ላይ አስረው ይተዉት፣ ውስጡም ውሃ ይግባበት። ሳንቃው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጥጡን ይጨምቃል፣ መጋጠሚያውም ራሱን ይዘጋል። ጥቂት ቀናት ይበቁታል፤ ከሳምንት በኋላም ከአንድ ቦታ በግልጽ የሚፈስ ካለ ያ ቦታ ተመልሶ ይወተፋል። በመጀመሪያው ቀን ፈርቶ አውጥቶ ጥጥ የሚጨምርበት ሰው ከላይ የተነገረውን የመጨናነቅ ጥፋት በገዛ እጁ ይፈጽማል።

ሸራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሦስት ማዕዘኑ ሸራ ፎሮማሊ በሚባለው ረጅም ዘንግ ላይ ይታሰራል፣ ዘንጉም በምሰሶው ላይ ይሰቀላል። ዘንጉ ከበርካታ እንጨት ተደራርቦ የታሰረ ከሆነ እስሩን ሁሉ ፈትተው ያድሱ፤ በነፋስ የሚሰበረው እዚያ ነው። የጥጥ ሸራ ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ሰው ሠራሹ ጨርቅ አይሻግትም፣ ፀሐይ ግን ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሥራ ሲያልቅ መከደን አለባቸው። «ሞተር እያለ ሸራ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ ሞተሩ ይኑር፤ ነገር ግን በአሮጌ ጀልባ ጀርባ ላይ ከባድ ሞተር መስቀል በጣም በቀላሉ የሚበሰብሰውን ማዕዘን ቀን ከሌት ያናውጠዋል። ትንሽ ሞተር፣ ጥሩ ሸራ።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እንጨት ራሱ ጊዜው አልፏል የሚለው። ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ላሙ ላይ የተጠናቀቀው ፍሊፕፍሎፒ ነው፤ ከተጣለ ፕላስቲክና ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተሠራ የሸራ ጀልባ። በ2019 መጀመሪያ ከላሙ ተነሥቶ ዛንዚባር ደርሷል። ግን ይህን ጀልባ የመሩት የላሙው ሠሪ ዓሊ ስካንዳ ናቸው፤ ፕላስቲኩ እንደ ሳንቃ ተቆርጦ በአካባቢው የጀልባ አሠራር ጥበብ ተገጠመ። ያለ እንጨት ሠሪዎቹ ያ ጀልባ አይኖርም ነበር። ሠሪዎቹ ደግሞ የሚኖሩት የሚታደስ ሲኖር ነው። ይህ ማለት ሁሉም ሰው አሮጌ ጀልባ ያድስ ማለት አይደለም። ዓላማዎ ዓሣ ማመላለስ ብቻ ከሆነ፣ ጊዜም ትዕግሥትም ከሌለዎት፣ አዲስ የፋይበር ጀልባ ይግዙ፤ ያዋጣዎታል። እንግዳ ማንሸራሸር፣ በላሙ የባህል ፌስቲቫል የጀልባ ውድድር መግባት ወይም ለልጅ ማውረስ ከፈለጉ ግን አሮጌውን ያድሱ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት የሽያጭ ውሉን በጽሑፍ ይያዙ፣ ጀልባውን በኬንያ ማሪታይም ባለሥልጣን ያስመርምሩና ያስመዝግቡ፣ ለተሳፋሪ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ያሟሉ። ከዚያ በኋላ ማጋደሙ፣ መለብለቡና ሻሃሙ በየጥቂት ወሩ ይደገማል፤ የሚያስቀር መንገድ የለም። ሞራው ለሞያሌ ሰው ችግር አይሆንም፤ በሚቀጥለው ጉዞዎ ከሥጋ ቤት አንድ ጀሪካን ይዘው ይውረዱ።